የኮምፒዩተር ስፒከር

የኮምፒዩተር ስፒከር ከኮምፒዩተር የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደሚሰማ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ላፕቶፕ ኮምፒዩተሮች አነስተኛ ስፒከር በውስጣቸው ይዘው ይሠራሉ፤ የጠረጴዛ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ስፒከር ይሸጣል። ሆኖም ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች የድምፅ ክፍል ስላላቸው፣ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ድምፅ ለመጨመር የሚያስፈልገው በአብዛኛው አዲስ ካርድ ሳይሆን ተስማሚ ስፒከርና ገመድ ነው።

በአማርኛ «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል፤ እነዚህም ምልክቱን የሚያጎላው አምፕሊፋየርና ድምፁን የሚያወጣው ስፒከር ናቸው። ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለአደባባይ የሚውለው ትልቅ ስፒከር ደግሞ ከጣሊያናዊ አምራች ስም በመነሳት «ሞንታርቦ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ እንዳይምታቱ «አምፕሊፋየር» እና «ስፒከር» የሚሉት ቃላት ተለይተው ያገለግላሉ። ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራር

ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው በቁጥር ነው። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል። ይህ ለግራና ለቀኝ ሲባዛ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት፣ በደቂቃ ደግሞ 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ኤምፒ3 የተባለው የማመቂያ ዘዴ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ሲሆን ያንኑ አንድ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ዝቅ ያደርገዋል።

ድምፁ ከፋይል እስከ ጆሮ ድረስ በሦስት ደረጃዎች ያልፋል።

1. ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት መለወጥ፦ ይህን የሚሠራው በማዘርቦርዱ፣ በድምፅ ካርድ ወይም በዩኤስቢ መሣሪያ ውስጥ ያለ ለዋጭ ነው። የሚወጣው ምልክት ደካማ ስለሆነ ኤርፎን ያሰማል እንጂ ትልቅ ስፒከር አይገፋም።

2. ምልክቱን ማጎልበት፦ አምፕሊፋየሩ ከመብራት፣ ከዩኤስቢ ወይም ከባትሪ በሚያገኘው ኃይል ምልክቱን ያጎላዋል።

3. ምልክቱን ወደ ድምፅ መለወጥ፦ በስፒከሩ ውስጥ የሽቦ ጥቅል በማግኔት መካከል ይቀመጣል። ምልክቱ በሽቦው ሲያልፍ ጥቅሉ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሾጣጣም አየሩን ይገፋል። ለዛሬዎቹ ስፒከሮች መሠረት የሆነውን ንድፍ ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ1925 አቅርበውታል።

አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው ስፒከር «አክቲቭ»፣ የሌለው ደግሞ «ፓሲቭ» ይባላል። ለኮምፒዩተር ተብለው የሚሸጡት ስፒከሮች አክቲቭ ናቸው፤ ከአሮጌ ቴፕ ወይም ቴሌቪዥን የተፈታ ስፒከር ግን ፓሲቭ በመሆኑ በቀጥታ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካ ድምፁ ሹክሹክታ ከመሆን አያልፍም።

የሳጥን ጥቅም

ስፒከር ሳጥን ውስጥ ካልገባ ከኋላው የሚወጣው ሞገድ ከፊት የሚወጣውን ይሰርዘዋል፤ በዚህም ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሳጥኑ ሁለቱን ሞገዶች ይለያያቸዋል። አየር በታሰረበት አካል ድምፅን ማጉላት በባሕላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎችም የታወቀ ዘዴ ነው። የማሲንቆና የክራር ቆዳ የተለበጠበት ገላ እንዲሁም በጋምቤላ አኙዋኮች ዘንድ የሚታወቀው፣ የብረት ምላሶቹ በአውራ ጣት የሚመቱት ቶም፣ ሁሉም ድምፃቸው የሚጎላው ክሩ ወይም ብረቱ በተጣበቀበት ገላ ነው። ስልክን ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ድምፁን ማጉላትም ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

ታሪክ

በነሐሴ 1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር በውስጡ 57 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አንድ ትንሽ ስፒከር ነበረው። ይህ ስፒከር የሚያውቀው መብራትና መጥፋትን ብቻ ስለነበር ዋና ሥራው ስህተት ሲፈጠር ጩኸት ማሰማት ነበር። በ1984 የቀረበው የአፕል ማኪንቶሽ ግን በ8 ቢት የተቀዳ ድምፅ ያጫውት ነበር።

በ1987 አድሊብ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በያማሃ ቺፕ የሚሠራ የሙዚቃ ካርድ ለገበያ አቀረበ። ካርዱ 9 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ቢያሰማም የተቀዳ ንግግር ለማጫወት የታሰበ አልነበረም። በዚያው ዓመት ገደማ ኮቮክስ የተባለው ኩባንያ በፕሪንተር መሰኪያ ላይ የሚገባ ርካሽ መሣሪያ ሸጠ። ውስጡ በመሠረቱ በመሰላል መልክ የተያያዙ ሬዚስተሮች ብቻ ስለነበሩ፣ ካርድ መግዛት ያልቻሉ ሰዎች ራሳቸው እየበየዱ ይሠሩት ነበር። በዝቅተኛ ወጪ ለኮምፒዩተር ድምፅ የመስጠት ታሪክ ከሚነሳባቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

ገበያውን የለወጠው በ1989 የወጣው ሳውንድ ብላስተር ነው። አምራቹ በ1981 ሲም ዎንግ ሁ በሲንጋፖር ያቋቋሙት ክሪኤቲቭ ቴክኖሎጂ ነበር። ካርዱ ለአድሊብ የተጻፉ ጨዋታዎችን ያጫውታል፣ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል፣ የጆይስቲክ መሰኪያም ነበረው። ሦስቱን በአንድ ካርድ በማቅረቡ አድሊብን ከገበያ አስወጣ፤ አድሊብም በ1992 ከሠረ። በዚያው ዓመት የቀረበው ሳውንድ ብላስተር 16 የሲዲ ደረጃ ያለው የስቴሪዮ ድምፅ ለቤት ኮምፒዩተር አመጣ።

ቀጣዩ ለውጥ ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ነው። ኢንቴል በ1997 ይፋ የሆነውን ኤሲ 97 የተባለ ደንብ፣ በ2004 ደግሞ ኤችዲ ኦዲዮን አወጣ። በእነዚህ ደንቦች መሠረት የድምፅ ክፍሉ በማዘርቦርዱ ላይ በአነስተኛ ወጪ ስለሚገጠም የተለየ ካርድ ለአብዛኛው ተጠቃሚ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። በ1998 የወጣው የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ ድምፅን ከኮምፒዩተሩ ውጭ ወዳለ ትንሽ መሣሪያ አወጣው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የብሉቱዝ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ገመዱም ቀረ።

መሰኪያዎች

አብዛኛው ስፒከር የሚሰካው 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጃክ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች በቀለም ይለያሉ፦

• አረንጓዴ፦ ለስፒከር ወይም ለኤርፎን የሚሆን መውጫ
• ሮዝ፦ ለማይክሮፎን የሚሆን መግቢያ
• ሰማያዊ፦ ከቴፕ ወይም ከሌላ መሣሪያ ድምፅ የሚቀበል መግቢያ

ስፒከሩ ሮዙ ወይም ሰማያዊው ላይ ከተሰካ ምንም አይሰማም፤ ይህም ስፒከሩ ተበላሽቷል ከሚያሰኙ የተለመዱ ስህተቶች አንዱ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ ደግሞ ለማዳመጫም ለማይክሮፎንም ያገለግላል። ኮምፒዩተሩ ከቴሌቪዥን ወይም ከስፒከር ካለው ሞኒተር ጋር በኤችዲኤምአይ ከተገናኘ ድምፁ ከምስሉ ጋር በዚያው ገመድ ያልፋል፤ ሌላ ስፒከርም ላያስፈልግ ይችላል።

በአነስተኛ ወጪ ድምፅ የመጨመሪያ መንገዶች

ከዚህ በታች ያሉት መንገዶች የተዘረዘሩት ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ በመነሳት ወደ ግዢ በሚያመራ ቅደም ተከተል ነው።

1. የስልክ ኤርፎን፦ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሲሆን የኮምፒዩተሩ መውጫ መሥራት አለመሥራቱን ለመፈተንም ያገለግላል። ኤርፎኑ ከተሰማ ቀሪው ሥራ ስፒከር ማግኘት ብቻ ነው።

2. ቤት ያለ ቴፕ፣ ዲቪዲ ማጫወቻ ወይም ቴሌቪዥን፦ «ኦክስ» የሚል ወይም ቀይና ነጭ መግቢያ ካለው በአንድ ገመድ ከአረንጓዴው መውጫ ጋር ይገናኛል። ቀይና ነጩ መሰኪያ አር ሲ ኤ ይባላል፤ አንድ ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር፣ ሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ ያስፈልገዋል። የኮምፒዩተሩ ምልክት መግባት ያለበት በዚህ መግቢያ እንጂ ለስፒከር ሽቦ በተሠራው መውጫ አይደለም።

3. በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር፦ ብሉቱዝ፣ ሬዲዮና የሜሞሪ ማስገቢያ ያላቸው ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ የኦክስ መግቢያም አላቸው። ኮምፒዩተሩ ብሉቱዝ ባይኖረውም በገመድ ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋም ከስልክ ጋር ያገለግላሉ። በብሉቱዝ ሲገናኙ ድምፁ ከምስሉ በጥቂቱ ሊዘገይ ስለሚችል ለፊልም ገመዱ ይሻላል።

4. በዩኤስቢ ኃይል የሚሠራ ጥንድ ስፒከር፦ የተለየ የመብራት ሶኬት አይፈልግም፤ ለአንድ ጠረጴዛ ወይም ለትንሽ ክፍል ይበቃል።

5. የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ፦ የማዘርቦርዱ የድምፅ ክፍል ሲቃጠል ወይም የላፕቶፑ ቀዳዳ ሲሰበር ኮምፒዩተሩን ከመቀየር የሚያድን፣ ፍላሽ የሚያክል መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ተጨማሪ ሶፍትዌር ሳይጫን ይሠራሉ።

6. ከአሮጌ ዕቃ የሚሠራ ስፒከር፦ ከተበላሸ ቴፕ ወይም ቴሌቪዥን የተፈታ ስፒከር ከአነስተኛ አምፕሊፋየር ጋር ይያያዛል። ፓም 8403 የተባለው ቺፕ በ5 ቮልት የሚሠራ ሲሆን ሁለት ስፒከሮችን እያንዳንዳቸውን እስከ 3 ዋት ይገፋል። በ12 ቮልት ባትሪ ለሚሠራ ሰው ፓም 8610 ይስማማል። ኤል ኤም 386 እና ቲ ዲ ኤ 2030ም በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ የቆዩ ቺፖች ናቸው።

በስድስተኛው መንገድ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። መጀመሪያ በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው ኦም ነው፤ ብዙዎቹ 4 ወይም 8 ኦም ናቸው። ሁለት 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም፣ በተከታታይ ሲያያዙ 16 ኦም ይሆናሉ። ኦሙ አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በታች ከወረደ ቺፑ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ሁለተኛው የሽቦው አቅጣጫ ነው። የሁለቱ ስፒከሮች አዎንታዊ ጫፍ በአንድ ዓይነት መንገድ ካልተያያዘ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ምልክቱ ከጠፋ በ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ በመንካት መለየት ይቻላል፤ ሾጣጣው ወደ ውጭ ሲወጣ የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የነካው የስፒከሩ አዎንታዊ ጫፍ ነው። ሦስተኛው ሳጥኑ ነው፤ አየር የማያስተላልፍ የእንጨት ሳጥን ከካርቶን ይሻላል። እንደ ፓም 8403 ያሉ ቺፖች የሁለቱ ስፒከሮች አሉታዊ ሽቦዎች እርስ በርስ ወይም ከመሬት መስመር ጋር እንዲነካኩ አይፈቅዱም።

ስለ ዋት

በስፒከር ካርቶን ላይ የሚጻፈው ዋት ገዢን ከሚያሳስቱ ነገሮች ዋነኛው ነው። «ፒ ኤም ፒ ኦ» የሚል ምልክት ያለው ቁጥር በየአምራቹ የሚለያይ፣ ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል የማያሳይ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ለንጽጽር የሚያገለግለው «አር ኤም ኤስ» የሚለው ነው። ቀላል ማረጋገጫም አለ፤ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልትና 0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። ስለዚህ ከዚህ መሰኪያ ብቻ ኃይል የሚወስድ ስፒከር ላይ «100 ዋት» ተብሎ ቢጻፍም ያለማቋረጥ ያንን ሊሰጥ አይችልም።

ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በገላጣ ቦታ ስፒከሩን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ማቅረብ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ድምፅ ያነሰው ሰው ትልቅ ስፒከር ከመግዛቱ በፊት ያለውን ቢያቀርብ ወይም ከግድግዳ ጋር ቢያስጠጋ ወጪ ሊያተርፍ ይችላል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የመብራት መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ፣ ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ስፒከር ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከመሰካት በፊት በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ የአምፕሊፋየሩን የኃይል ክፍል ስለሚጎዳ፣ መብራት እንደጠፋ መሰኪያውን መንቀል ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

በአዲስ አበባ ያገለገሉ ዕቃዎችና ቁርጥራጮች ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ በመርካቶ የሚገኘው ሚናለሽ ተራ ነው። ከዋናው ገበያ በራቁ ወረዳዎች ግን ምርጫው ይለያል። በጋምቤላ ክልል በአኙዋክ ዞን የምትገኘው፣ ከደቡብ ሱዳን የምትዋሰነውና በሚዛን ተፈሪ በኩል በመንገድ የምትደረሰው ዲማ ለዚህ ምሳሌ ናት። ከመሃል አገር ለሚመጣ ዕቃ በዋጋው ላይ የመንገዱ ወጪ ይጨመርበታል፤ ለጥገና መልሶ መላክ ደግሞ ከአዲስ ስፒከር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ርካሽ የሚባለው የመጀመሪያ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ብቻ ሳይሆን ገመዱ የሚነቀል፣ በብሎን የሚፈታ፣ ባትሪው የሚቀየርና በ5 ወይም በ12 ቮልት የሚሠራው ነው።

በ12 ቮልት የሚሠራ ስፒከር ከሶላር ባትሪ በቀጥታ ስለሚያገኝ ኢንቨርተር የሚያባክነውን ኃይል ያድናል። ለምሳሌ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል 42 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በአማካይ 5 ዋት የሚወስድ ስፒከርን 8 ሰዓት ያህል ያሠራል። 50 ዋት የሚወስድ ስፒከር ግን በዚያው ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የጋምቤላ ቆላ በበጋ ወራት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ሲኖረው ዝናቡ ደግሞ በክረምት ይበረታል። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ እርጥበት የወረቀት ሾጣጣን ያላላል፣ ጃኩንም ያዝጋል። ስፒከሩን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ከፍተኛ መደርደሪያና ከፀሐይ ማራቅ፣ በማይሠራበት ጊዜም በጨርቅ መሸፈን ዕድሜውን ያራዝማል።

በትምህርት ረገድ በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ተማሪዎች በድምፅና በምስል እንዲማሩ የታሰበ ነበር። በ2000ዎቹ መጨረሻ በሺዎች ለሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ተማሪዎች የተሰጡት ኤክስኦ የተባሉ ላፕቶፖችም ስቴሪዮ ስፒከርና ማይክሮፎን በውስጣቸው ነበራቸው።

ለዓይነ ስውራን ያለው ጥቅም

ለሚያይ ሰው ስፒከር ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ ለዓይነ ስውር ተጠቃሚ ግን ስፒከር ወይም ኤርፎን የኮምፒዩተሩ ስክሪን ራሱ ነው። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ያለ ድምፅ መውጫ ሊሰሙ አይችሉም። ከእነዚህ አንዱ በ2006 በአውስትራሊያ የተጀመረው ኤንቪዲኤ ነው። መሥራቹ ማይክል ከረን ራሱ ዓይነ ስውር ሲሆን ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ በነፃ ይሰጣል። አብሮት የሚሠራው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የንግግር ፕሮግራም ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛና ኦሮምኛ ይገኛሉ።

ለዚህ አገልግሎት ከወፍራም ድምፅ ይልቅ የንግግር ጥራት ይፈለጋል። የንግግርን ቃና የሚለዩት ድምፆች በአብዛኛው ከ300 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል ስለሚገኙ ትንሽና ርካሽ ስፒከር በበቂ ሁኔታ ያወጣቸዋል። ስለዚህ የድምፅ ክፍሉ የተቃጠለ አሮጌ ኮምፒዩተር አንድ የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ በመጨመር ብቻ ለዓይነ ስውር ተማሪ መማሪያ ሊሆን ይችላል።

የተለመዱ ችግሮች

• ምንም ድምፅ የለም፦ ጃኩ አረንጓዴው ላይ መሆኑ፣ የስፒከሩ መብራት መብራቱና የኮምፒዩተሩ ድምፅ አለመዘጋቱ በቅደም ተከተል ይታያል። ከዚያም በድምፅ ምርጫው ውስጥ ትክክለኛው መውጫ መመረጡ ይረጋገጣል፤ የኤችዲኤምአይ ገመድ ወይም ብሉቱዝ ሲገናኝ ድምፁ ብዙ ጊዜ በራሱ ወደዚያ ይዞራል።

• ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ ድምፅ ጠፋ፦ የድምፅ ክፍሉ ድራይቨር አልተጫነም። ድራይቨሩ ከማዘርቦርዱ ወይም ከላፕቶፑ አምራች ይገኛል።

• ከአንድ ወገን ብቻ ይሰማል፦ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ በጃኩ አንገት ላይ ተቆርጧል። ሌላ ገመድ በመሞከር ይለያል።

• እምምም የሚል ድምፅ፦ ኮምፒዩተሩና ስፒከሩ በተለያዩ ሶኬቶች ሲሰኩ ይፈጠራል። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ መሰካትና የድምፁን ገመድ ከመብራት ገመድ ማራቅ ይቀንሰዋል። የመሬት መስመሩን መቁረጥ ግን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ አይደረግም።

• ድምፁ ሲጨምር ይሰነጠቃል፦ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው ወይም ሾጣጣው ተቀዷል። ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ወረቀትና በሙጫ ይደፈናል።

• ቁልፉ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፦ በድምፅ መቆጣጠሪያው ውስጥ አቧራ ገብቷል። ኃይሉ ጠፍቶ ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

በመብራት የሚሠራ ስፒከር ከመከፈቱ በፊት ከሶኬት መነቀል አለበት፤ በውስጡ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛሉ።

ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ሲሆን ለሕፃናት 75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጉዳት ሳያስከትል ሊደመጥ የሚችልበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በከፍተኛ ድምፅ የተጎዱ የጆሮ ውስጥ ሕዋሳት መልሰው አይበቅሉም። በጫጫታ ቦታ ኤርፎን የሚጠቀም ሰው ሳያስተውል ድምፁን ስለሚጨምር፣ በቤት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው በቅርብ የተቀመጠ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ስፒከር ይመረጣል።